የአኮ ሰርዶ፣ የሰር ሲኒ

እስኪ በኑዛዜ ልጀምር።

ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ፣ እኔና ሁለት የዶርም ጓደኞቼ አምቦ ከተማ ሻይ ጠጥተን ወደ ግቢ እየተመለስን ነበር። መንገዳችን ላይ በአንድ ሕንዳዊ መምህራችን ደጃፍ እናልፋለን። እንደ ማንኛውም የግቢ ተማሪ «ሰር» ነው የምንላቸው። በዚያች ማታ ሰር ከተከራይዋት ቤት ደረጃ እስከ አጥሩ በር ድረስ በአንድ መስመር ሲኒ ደርድረዋል። አዎ፣ የቡና ሲኒ። በየሲኒው ዘይት፣ በየዘይቱ የጥጥ ክር፣ በየክሩ ጫፍ ትንሽ እሳት። ራሳቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ብቻቸውን፣ ንፋስ ያጠፋውን እየዞሩ መልሰው ያበራሉ።

ጨረቃ አልነበረችም። ሠፈሩ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። አሁን ሳስበው እንዴት ያለ የሚያምር ነገር ነበር! እኛ ግን ምን አደረግን መሰላችሁ? ሳቅን። አንዷ ጓደኛዬ «ሰር ቃልቻ ሆኑ እንዴ?» አለች። ሌላዋ «ባዕድ አምልኮ ነው፣ ቶሎ እንለፍ» አለች። እኔ ደግሞ፣ ነገ ጋዜጠኛ ሆኜ የሰው ታሪክ ልናገር የተመዘገብኩት ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ሰር ቀና ብለው አዩንና እጃቸውን አውለበለቡልን። ሰላም የምንላቸው መስሏቸው ይሆናል።

በማግስቱ ግን አላስቻለኝም። ከክፍል ሲወጡ ጠብቄ ጠየቅኋቸው። ዲዋሊ ይባላል አሉኝ። «እኛ አገር ዝናቡ የሚያልቅበት፣ ሩዙ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ሌሊቱ ጨረቃ የማትታይበት ነው። ከባዱ ወቅት አልፎ ጥጋቡ ሲመጣ፣ በጨለማው ሌሊት ሁሉም ቤት መብራት ያወጣል።» እናታቸው የምታበራው በሸክላ መብራት እንደነበረ፣ አምቦ ገበያ እንደዚያ ዓይነት ስላጡ ሲኒ እንደገዙ ነገሩኝ። ከዚያ «ማታ ስላለፋችሁ ደስ አለኝ፤ ዲዋሊ ያለ ጎረቤት አይሆንም» አሉ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር።

ብድር በምድር

ዓመት አለፈ። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አያቴን ይዤ ሐሮ ወንጪ ወረድኩ። አያቴን «አኮ» ነው የምላት፣ በእኛ በኦሮሞዎቹ አያት እንደምትጠራው። ሐሮ ወንጪን ለማታውቁት፦ በአምቦና በወሊሶ መሃል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ካለ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል የምታዩት፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ዙሪያው እንሰትና ገብስ፣ መሃሉ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት። የመንገዱ ሥራና ሎጁ ከመምጣታቸው በፊት የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ፈረስና ጀልባ በተራ ያከራዩ ነበር። አኮ በፈረስ ወረደች፣ እኔ በእግሬ እያለከለክሁ ተከተልኳት።

የሄድነው ለኢሬቻ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም 24 ቀን ሆራ ፊንፊኔ ላይ፣ በማግስቱ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ተከብሮ ነበር። ከእነዚህ ትልልቆቹ በኋላ ደግሞ በየአካባቢው፣ በየሐይቁና በየመልካው ሰው ይሰበሰባል። አኮ ሰኞና ማክሰኞ አትለይም። መስቀል ሲሆን ደመራ ላይ አለች፣ ቂርቆስ ሲነግሥ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ኢሬቻ ሲሆን ሐይቅ ዳር አለች። በእጇ እርጥብ ሣርና ቢጫ አበባ ይዛለች። አበባው አደይ ነው፣ በኦሮምኛ ኬሎ። ሣሩን ውኃ ውስጥ ነክራ አወጣች፣ ረጨችኝ፣ መረቀችኝ። ክረምቱን አሻግሮ፣ ጎርፉን አሳልፎ፣ ከዘመድ ጋር መልሶ ስላገናኘን አመሰገነች። ፎቶ አነሳኋትና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

የመጀመሪያው አስተያየት የማን ይመስላችኋል? የዚያችው የዶርም ጓደኛዬ። «የኔ ቆንጆ፣ አያትሽን ከዚህ ባዕድ አምልኮ አውጪያት» ይላል።

ያንኑ ቃል! በሰር ሲኒዎች ላይ ስትጥለው የሳቅሁበት ቃል በአኮ ላይ ሲወድቅ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ብድር በምድር ይሏል ይሄ ነው። የሰው በዓል ላይ የወረወርነው ድንጋይ ዞሮ ዞሮ የገዛ አያታችን ግቢ ውስጥ ያርፋል።

ፎቶውን ለሰር አሳየኋቸው። ስልኬን ተቀብለው አጉልተው አዩና ሣሩ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይህችን ሣር አውቃታለሁ። በቋንቋዬ ጋሪካ ናት። ለጋኔሻ በዓል በልጅነቴ የምለቅማት እኔ ነበርኩ» አሉ። ሰር የአንድራ ፕራዴሽ ሰው ናቸው፤ ቋንቋቸው ቴሉጉ ነው። እኔ በእርግጥ አላመንኳቸውም። ሣር ሁሉ ለእኔ ሣር ነው። ቤት ገብቼ ሳጣራ ግን እውነታቸውን ነው። አኮ ጮቆርሳ የምትላት፣ በአማርኛ ሰርዶ የምንላት፣ ሰርም ጋሪካ የሚሏት አንዲት ሣር ናት። በሳንስክሪት ዱርቫ ትባላለች። በሂንዱዎች ዘንድ የዝሆን ራስ ላለው ለጋኔሻ የምትቀርበው እሷ ናት።

ለምን ሰርዶ? ብላችሁ ጠይቁ። ሰርዶ በበጋ ደርቃ የሞተች ትመስላለች። ከብት ይረግጣታል፣ ፀሐይ ያቃጥላታል። አንድ ዝናብ ሲነካት ከየአንጓዋ ሥር ሰድዳ ትነሳለች። እንግዲህ በሕንድም ይሁን በሸዋ፣ ከብት እያገደ ያደገ ሰው ይህን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

አንድ ዝናብ ነው

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የኔ ሐሳብ አጭር ናት። በዓልን ከወቅቱ አንፋታው። ከወቅቱ የተፋታ በዓል መጀመሪያ ትርጉሙን ያጣል፣ ቀጥሎ መጣያ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ መጣያ ብቻ ሳይሆን መጣያችንም ይሆናል። (ሁለተኛውን «መጣያ» አጥብቃችሁ አንብቡልኝ፣ የሚያጣላን ለማለት ነው።)

የሕንድና የኛ በዓላት የሚመሳሰሉት ተኮራርጀው ነው እያልኩ አይደለም። እርግጥ ግንኙነቱ የቆየ ነው። ደብረ ዳሞ ላይ ሕንድን ጭምር የገዙት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ከዚሁ ምድር በባርነት ሄዶ በሕንድ ዴካን የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነው ማሊክ አምባር እ.ኤ.አ. በ1626 ነው የሞተው። በንጉሡ ዘመን የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶቻችን በሕንድ አስተማሪዎች የተሞሉ ነበሩ። አባቶቻችሁን ብትጠይቁ የሒሳብ አስተማሪያቸውን እንግሊዝኛ አነጋገር አስመስለው ያወሩላችኋል። የበዓሉ ተመሳሳይነት ምንጭ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰማዩ ነው።

የኛ ክረምትና የሕንድ ሞንሱን ከሰኔ እስከ መስከረም አብረው የሚዘንቡ ዘመዳሞች ናቸው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚሉት ነገር ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ይከዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ይህ ነው። የሕንድ ክረምት ዝናብ ከመደበኛው 14 በመቶ ጎደለ፤ እኛ አገር ደግሞ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። በዝተው ሲመጡም አብረው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ላይ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። በስምንተኛው ቀን፣ ሐምሌ 23፣ በደቡብ ሕንድ ኬራላ ዋያናድ ላይ ተራራ ተንዶ እዚያም ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

እንዲህ ያለ ክረምት የሚያሳልፍ ሕዝብ መስከረም ሲጠባ ምን ያደርጋል? ያመሰግናል። እሳት ያበራል። አበባ ይይዛል። ዘመድ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ ኢሬቻ ይከታተላሉ። እነሱ ዘንድ የኬራላው ኦናም በነሐሴና በመስከረም በየደጃፉ የአበባ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። ቀጥሎ የዘጠኝ ሌሊቱ ናቫራትሪ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን በሰሜን ሕንድ ብዙ ቤቶች በሸክላ ገብስ ዘርተው ዘጠኝ ቀን ሲበቅል ያዩታል። ከዚያ ዱሴራ፣ ከዚያ ዲዋሊ። የቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። ዲዋሊም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው እዚያው መሃል ነው። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር 2፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ነበረ። የኛ አደይ፣ የነሱ ደግሞ ደጃፍ ሁሉ የሚታሰርበት ያ ብርቱካናማ አበባ፣ በአንድ ሰሞን ነው ሜዳውን የሚያለብሱት።

አኮ «ከዘመድ ጋር መልሶ ስላገናኘን» ያለችው ዝም ብሎ ምርቃት አይደለም። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ወንዝ ሲሞላ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ እስከ መስከረም አይገናኝም። ወንዙ ሲጎድል መጀመሪያ የሚገናኙት መልካው ላይ ነው። ሂንዱዎችም ቻቱርማስ የሚሉት የአራት ወር የክረምት ጊዜ አላቸው። በዚያ ጊዜ በብዙ አካባቢ ሠርግ አይደገስም፣ ዟሪ መናኞችም አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ከዲዋሊ 11 ቀን በኋላ ያበቃና የሠርጉ ወራት ይከፈታል። ጭቃ ላይ ማን ሙሽራ ይዞ ይሄዳል?

ወቅቱን እንዳይስቱ ደግሞ እንዴት እንደሚጠነቀቁ እዩ። የሂንዱ ወራት በጨረቃ ነው የሚቆጠሩት። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ግድም ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። ዝም ቢሉት ዲዋሊ እየሸሸ ሄዶ ሐምሌ ዝናብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አንድ ትርፍ ወር ይጨምራሉ። እኛ ደግሞ ጳጉሜን አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት እናደርጋለን። የቦረና አያንቱዎች በ12 የጨረቃ ወራትና በ27 የቀን ስሞች እየቆጠሩ ከከዋክብት ጋር ያስተያያሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ግን በእምነታቸው መሠረት ወር አይጨምሩም። ለዚህ ነው ረመዳን በ33 ዓመት ግድም ወቅቱን ሁሉ የሚዞረው፤ ያም የራሱ ትርጉም አለው። ወቅት የሚጠብቀው በዓል ግን ያለ ወቅቱ ግማሹ ነው።

ተረቱ ብዙ፣ ሰሞኑ አንድ

ሰርን አንድ ቀን «የዲዋሊ ታሪኩ ምንድነው?» አልኳቸው። ሳቁና «የማንን ልንገርሽ?» አሉኝ። በሰሜን ሕንድ ራማ ከ14 ዓመት ስደት ወደ አዮዲያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት ይዞ የተቀበለበት ነው ይላሉ። በደቡቡ፣ በሰር አገር፣ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ የገደለበት ነው ይላሉ። በቤንጋል ሌሊቱ የካሊ ነው። የጉጃራት ነጋዴ ደግሞ አዲስ የሒሳብ መዝገብ የሚከፍትበት ነው። ሲኮችና ጄይኖችም በዚሁ ሰሞን የየራሳቸውን ያስባሉ። አንዱ የሌላውን መብራት ገብቶ አያጠፋም። እርግጥ ሕንድ በሃይማኖት ስም ደም ያልፈሰሰባት አገር አይደለችም፤ ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ግን ዲዋሊን እንዲህ ሰፊ ያደረገው ሰሞኑ የሁሉም መሆኑ ነው። ያ ጨለማ ሌሊት፣ ያ የደረሰ ሩዝ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

እኛስ? በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ፌስቡክ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። «በዓሉ የማን ነው?»፣ «ቀድሞ የነበረው የቱ ነው?»፣ «ከተማዋ የማን ናት?» ክርክሩ የአደይ አበባን ዕድሜ እንኳ ያህል ሳያርፍ ይቀጥላል። የምናገረው ስለ ቀልድ አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ሆራ አርሰዲ ላይ ሣር ይዘው የወጡ ወጣቶች በአስለቃሽ ጭስና በግርግር ሞተዋል። መንግሥት በወቅቱ ከ50 በላይ አለ፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ሰጡ። ሕይወትን ለማመስገን የወጣ ሰው ሬሳ ሆኖ ሲመለስ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? አኮ እስከ ዛሬ ሐይቅ ዳር ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው የምታልፍበትን መንገድ ነው።

«በዓሉ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «በዓሉ ለምን ነው?» ብንል መልሱ ሁላችንንም ያስገባል። ለክረምቱ ማለፍ ነው። ክረምቱ ደግሞ ሁላችንን ነው የመታን።

ጭቃው ወደ ወንዙ ካልተመለሰ

አሁን ወደ መጣያው ልምጣ፣ ላልቶ ወደሚነበበው።

የጋኔሻ በዓል ሲያበቃ ምስሉን ውኃ ውስጥ ያሰናብቱታል። የድሮው ምስል ከወንዝ ጭቃ ይሠራል፤ በዓሉ ሲያልቅ ጭቃው ሟሙቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። መጣ፣ ተከበረ፣ ሄደ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ከዚያ ዘመናዊነት መጣና ምስሉ በጀሶ መሠራት፣ በኬሚካል ቀለም መቀባት ጀመረ። ጀሶ አይሟሟም። በበዓሉ ማግስት ሐይቅ ዳር የተሰባበረ የአምላክ እጅና እግር ይቀራል። የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው መመሪያው የጀሶ ምስል እንዲቀር አዟል።

ዲዋሊም እንዲሁ። የዘይት መብራት በርችት ተተካ። ዴልሂ ላይ ያ ወቅት አየሩ ቀዝቅዞ መንቀሳቀስ የሚያቆምበት፣ በፑንጃብና በሀሪያና ገበሬዎች የሩዝ ቃርሚያ የሚያቃጥሉበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ርችቱ ሲጨመር ከተማው በጭስ ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጭሱ የቀነሰ ርችት ብቻ፣ ያውም በዲዋሊ ማታ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኮስ ወስኖ ነበር። ዴልሂዎች ግን በየዓመቱ አሁንም ያስላሉ። የብርሃን በዓል ሰማዩን ሲያጨልም፣ ወቅቱን የረሳ በዓል ማለት ይኸው ነው።

እነሱን ልንስቅባቸው ከሆነ ቆም እንበል፤ እኔ በሳቅ በኩል ልምድ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለበዓል የፕላስቲክ ሣር ሳሎን ላይ የሚያነጥፍ ቤት አይቻለሁ። የሽታው ነገር ይቅር፣ ለምለምነቱስ የት አለ? ሐሮ ወንጪ ላይ ደግሞ ከኢሬቻ ማግስት አኮ የነከረችው ሰርዶ ደርቆ አፈር ሆኗል። አጠገቡ የተጣለው የውኃ ፕላስቲክ ግን አኮንም እኔንም ይቀብረናል። የድሮው ምሥጋና የሚተወው ነገር ሁሉ ውኃውና መሬቱ የሚበላው ነበር፤ ሣር፣ አበባ፣ ቅቤ። የዛሬው ምሥጋና ባነር፣ ኮዳና ድምፅ ማጉያ ይዞ ይመጣል።

ወንጪ በ2012 ዓ.ም. በገበታ ለሀገር ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ገባ። መንገዱ ተሠራ፣ ሎጁ ቆመ። ደስ ይለኛል፤ መንገድ የሚጠላ የአምቦ ልጅ የለም። ግን እንግዳው ሲበዛ ሐይቁ መድረክ፣ አኮ ደግሞ የመድረኩ ጌጥ እንዳትሆን እሰጋለሁ። ሣር ይዘው ለፎቶ ብቻ የሚወርዱ ልጆች አይቻለሁ። «ሣሯ ምንድናት?» ብላቸው አንዳቸውም አላወቁም። አልፈርድም፤ እኔም ያወቅሁት ከሕንድ አገር በመጣ ሰው ነው!

«እኔ ግን አማኝ ነኝ»

አንዳንዶቻችሁ አሁን የምትሉኝን እሰማለሁ። «አንቺ ልጅ፣ በዓልን የአየር ጠባይ ትንበያ አደረግሽው። መስቀል የመስቀሉ ነው እንጂ የአበባው አይደለም።» እውነታችሁን ነው። ለአማኝ ደመራ ንግሥት እሌኒ ናት፣ ለሰር ዲዋሊ ክሪሽና ነው፣ ለአኮ ኢሬቻ ዋቃ ነው። እምነቱን አውጥታችሁ ወቅቱን ብቻ አስቀሩ አላልኩም። ማንም የማያምነውን እንዲያከብር አልጋብዝም። ያቺ የዶርም ጓደኛዬም ሐይቅ ዳር ላለመውረድ መብቷ ነው።

የምለው ሌላ ነው። የሰውን እምነት ባትጋሩ እንኳ ዝናቡን ተጋርታችኋል። የጎረቤታችሁን መብራት ስታዩ «ምን ያመልካል?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አልፎበት ነው የሚያመሰግነው?» በሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሲሰጣችሁ ለመሳቅ ይከብዳችኋል። እኔ ምስክር ነኝ።

ወቅቱ ራሱ ደግሞ ድሮ በነበረበት አልቆመም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 ኬራላ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ከ400 በላይ ሰው ሲሞትባት፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ኦናምን በይፋ ማክበሩን ሰርዞ ገንዘቡን ለተጎጂዎች አዋለው። የጥጋብ በዓሉን ያመጣው ዝናብ በዓሉን በላው። እኛ ዘንድም በልጉ ሲዘገይ፣ ክረምቱ መስከረምን አልፎ እህል ሲያበሰብስ ገበሬው እያየ ነው። አኮ «ድሮ ለኢሬቻ ስንወርድ ገብሱ እንዲህ ነበር፣ ውኃው እዚህ ድረስ ነበር» ስትል ተረት እያወራች አይደለም፤ መዝገብ እያነበበች ነው። ያ መዝገብ የተያዘው በበዓል ነው። በዓሉን ከረሳነው፣ ወይ በዘፋኝና በቢራ ማስታወቂያ ከሸፈንነው፣ መዝገቡን አብረን እንቀዳለን።

ስለዚህ ለእናንተ ለእኩዮቼ የማቀርበው ልመና ትንሽ ናት። ለሚመጣው በዓል አገር ቤት ስትወርዱ ከሴልፊው በፊት አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጡ። የሣሯን ስም ጠይቁ። ድሮ ወንዙ መቼ ይጎድል እንደነበር ጠይቁ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል፣ ቅዱት። ጋዜጠኝነት የተማራችሁ ደግሞ የበዓል ፕሮግራም ሲመደብላችሁ የበግ ዋጋ ብቻ ዘግባችሁ አትመለሱ። ሐይቅ ዳር ከወረዳችሁ ደግሞ ከሣርና ከአበባ በቀር ምንም ጥላችሁ አትውጡ።

የሰርን ነገር ልጨርስላችሁ። መጋቢት ላይ የቴሉጉዎች አዲስ ዓመት፣ ኡጋዲ፣ ደረሰ። በዚያ ቀን ስድስት ጣዕም ያለው ነገር ይቀመሳል። ከሸንኮራ የተሠራ ቡናማ ስኳር ለጣፋጩ፣ ኮምጣጣው፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ጥሬ ማንጎ፣ ለመራራው ደግሞ የኒም አበባ። ኒም በዚያ ሰሞን ነው የሚያብበው። ዓመቱ ሁሉንም ይዞ እንደሚመጣ አውቃችሁ ግቡ ነው ነገሩ። ሰር ሌላውን አሟልተው መራራውን አጡ። ለአኮ ነገርኳት። ምንም ሳትጠይቅ ወደ ጓሮ ወጥታ የግራዋ ቅጠል በጥሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝ። «በያቸው፣ መራራ ለሆነማ እዚህም ሞልቷል» አለችኝ።

ሰር ግራዋዋን ቀመሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከኒም ይመራል» አሉ። ለእኔም ሰጡኝ። ያ ሳቄ የት ሄደ እናንተዬ፣ አላውቅም፤ እኔም አኝኬ ዋጥኳት።

ቸር ይግጠመን።